የሥራ ሳምንትን በሰዓት ማቀድ፦ ለቢሮ ሠራተኞች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በቢሮ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲሯሯጥ ሰንብቶ ዓርብ ማታ ዋናውን ሥራ ሳይነካው መቅረቱን ሲያስተውል ጥፋቱን በራሱ ስንፍና ላይ ያሳብባል። እኔ እንደማየው ግን ብዙውን ጊዜ የጎደለው ትጋት ሳይሆን ስሌት ነው። ሠራተኛው ሊሠራ የሚገባውን ሁሉ በረጅም ዝርዝር ይዟል፤ ያን ሁሉ የሚሠራበት ሰዓት በሳምንቱ ውስጥ የት እንደሚገኝ ግን አልቆጠረም። ከዚህ በታች የተቀመጠው አሠራር ቆጠራውን አስቀድሞ፣ ምርጫውን አስከትሎ ሳምንቱን ለማደራጀት የሚረዳ ነው።

ነገሩ ተጨባጭ እንዲሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሳምንት ይዘን እንሄዳለን፤ እሱም ከሰኞ ታኅሣሥ 27 እስከ ዓርብ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለው ነው። ይህን ሳምንት የመረጥኩት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ረቡዕ ታኅሣሥ 29 ገና ነው፤ በማግሥቱ ሐሙስ የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ይዘጋል። ባለሙያችን በአንድ የልማት ድርጅት ውስጥ በዕቅድና ሪፖርት ክፍል የምትሠራ፣ ከአምስት ቅርንጫፎች መረጃ እየሰበሰበች ለመንግሥት ቢሮም ለገንዘብ ሰጪም ሪፖርት የምታዘጋጅ ሠራተኛ ናት እንበል።

1. ዕቅዱን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያውጡ

ለዕቅድ የሚመቸው ጊዜ ባለፈው ሳምንት ማብቂያ ላይ፣ ዓርብ ከ9:30 እስከ 10:15 ያለው ነው። ብዙ ሰው ሰኞ ጠዋት ማቀድ ይመርጣል፤ ሆኖም ሰኞ ጠዋት የሥራ አመራር ስብሰባው፣ ቅዳሜና እሑድ የተጠራቀመው መልእክትና የኃላፊው ጥሪ አንድ ላይ ስለሚመጡ ዕቅዱ ሳይጻፍ ቀኑ በሌሎች ሰዎች ጥያቄ ይያዛል። ዓርብ ከሰዓት ግን ያለቀውና የቀረው ሥራ ገና ከአእምሮ አልወጣም፤ የጎደለ መረጃ ካለም ባለቤቱ ከቢሮው ሳይወጣ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።

የሚጻፍበት ነገር ብዙ ሊያሳስብ አይገባም። ድርጅቶች በየዓመቱ የሚያድሉት አጀንዳ በቂ ነው፤ ሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች የታተሙበት ከተገኘ ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል። የስልክ ቀን መቁጠሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ለሰዓቱ ይጠንቀቁ፤ ስልኩ ላይ 10:00 ተብሎ የተመዘገበ ስብሰባ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ከናይሮቢ ወይም ከጄኔቫ በኢሜይል የሚመጣ የስብሰባ ጥሪ በደረሰ ጊዜ ወዲያውኑ በኢትዮጵያ ሰዓት ለውጦ አጀንዳው ላይ ማስፈር ብዙ መደናገርን ያስቀራል።

2. ሥራውን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ይሰብስቡ

በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ምንም ሳይመርጡና ሳያስቀድሙ በእጅዎ ያለውን ሥራ ሁሉ ይጻፉ። ከመዝገብ ቤት የተመራልዎትን ደብዳቤ፣ ኢሜይሉን፣ የቴሌግራም ቡድኑን፣ የመጨረሻውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በየተራ ይመልከቱ። በመጨረሻም በኮሪደር ላይ ወይም ቡና ላይ በቃል የተሰጡ ትዕዛዞችን ያስታውሱ፤ በየትኛውም ወረቀት ላይ ስለማይገኙ ተረስተው የሚቀሩት፣ በኋላም ቅሬታ የሚያስነሱት እነዚህ ናቸው።

እያንዳንዱን ሥራ የሚደረገው ነገር ተለይቶ እንዲታወቅ አድርገው ይጻፉት። ባለሙያችን በገጹ ላይ “የግማሽ ዓመት ሪፖርት” ብላ ብቻ ብትጽፍ ሰኞ ጠዋት ከየት እንደምትጀምር አይነግራትም። ስለዚህ ትበትነዋለች፦ የአምስቱን ቅርንጫፎች ቅጽ መጠየቅ፣ ቁጥሩን ወደ ኤክሴል ማስገባት፣ ክንውኑን ከዕቅዱ ጋር ማነጻጸር፣ ልዩነቱ የመጣበትን ምክንያት የሚያብራራውን ክፍል መጻፍ፣ ለኃላፊው አቅርቦ አስተያየቱን መቀበል፣ አስፈርሞና ማህተም አስደርጎ መላክ። እንዲህ ሲበተን ሪፖርቱ ስድስት ሥራ ሆነ። ከስድስቱ ከፍተኛ ትኩረት የሚፈልጉት ማነጻጸሩና ማብራሪያውን መጻፉ ብቻ መሆናቸውም በግልጽ ይታያል።

ቀነ ገደብ ያላቸውን ሲጽፉ ቀኑን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ያስፍሩ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ሩብ ዓመቶቹ መስከረም 30፣ ታኅሣሥ 30፣ መጋቢት 30 እና ሰኔ 30 ቀን ይዘጋሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚሠሩ ገንዘብ ሰጪዎች ሩብ ዓመት ደግሞ፣ በአንዳንድ ዓመት የአንድ ቀን ልዩነት ቢኖርም፣ መስከረም 20፣ ታኅሣሥ 22፣ መጋቢት 22 እና ሰኔ 23 ላይ ያበቃል። በመካከላቸው ያለው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ብቻ ነው። ለሁለት ወገን ሪፖርት የሚያቀርብ ሠራተኛ በዓመት አራት ጊዜ ሁለት ሪፖርት ተደራርቦ የሚመጣበት ምክንያት ይህ ሲሆን፣ መቼ እንደሚመጣ ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ ስለሚታወቅ እንደ ድንገተኛ ነገር ሊታይ አይገባውም። አራቱን ሳምንታት አጀንዳዎ ላይ አስቀድመው ምልክት ያድርጉባቸው፤ በእነዚያ ሳምንታት ሥልጠና፣ የመስክ ጉዞም ሆነ የዓመት ፈቃድ አይያዙባቸው። በባለሙያችን ሳምንት የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ጥር 5፣ የገንዘብ ሰጪው ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ይደርሳል፤ ሁለተኛውን ወደ ጥር 7 ለውጣ ስትጽፈው በሁለቱ መካከል ሁለት ቀን ብቻ እንዳለ ታያለች።

3. የእርስዎ የሆነውን ሰዓት ይቁጠሩ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው፤ ስለዚህ ሳይቸኩሉ ይሥሩት። በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲሠራበት የቆየው የሥራ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ2:30 እስከ 6:30 እና ከ7:30 እስከ 11:30፣ ዓርብ ደግሞ ከ2:30 እስከ 5:30 እና ከ7:30 እስከ 11:30 ነው፤ ሲደመር በሳምንት 39 ሰዓት ይሆናል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆኑ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ስለማይበልጥ መነሻዎ ከፍ ሊል ይችላል። የባለሙያችንን ቢሮ በ39 እንያዘው።

ከ39ኙ ውስጥ የገና ዕለት 8 ሰዓት ይወጣል፤ 31 ይቀራል። የሰኞ ጠዋት ስብሰባ 2 ሰዓት ይወስዳል። ማክሰኞ የበዓል ዋዜማ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ክፍት ቢሆንም ብዙዎች ለበግና ለዶሮ ግዥ ቀደም ብለው ስለሚወጡ፣ ወደ ክፍለ ሀገር የሚጓዙም ስለሚኖሩ፣ ከሌላ ሰው ጋር የሚሠራ ሥራ አይሳካም፤ ከዚያ ላይ 2 ሰዓት ትቀንሳለች። ሰላምታው፣ ባለጉዳዩ፣ ስልኩና “አንድ ደቂቃ ብቻ” እያለ የሚገባው ባልደረባ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ በአራቱ የሥራ ቀናት 6 ሰዓት ነው። ለኢሜይልና ለቴሌግራም በቀን አንድ ሰዓት ስትይዝ 4 ሰዓት ይሆናል። ሁሉ ሲቀናነስ ባለሙያዋ የምትቀረው በ17 ሰዓት ነው።

እነዚህ 17 ሰዓቶች ደግሞ በሙሉ እኩል ዋጋ የላቸውም። ስብሰባ ሊጀመር 20 ደቂቃ ሲቀረው የሚገኝ ትርፍ ጊዜ ማብራሪያ ለመጻፍ አያገለግልም። ስለዚህ ከቆጠራው ቀጥሎ ሳይቋረጡ ሁለት ሰዓት ያህል የሚዘልቁትን ክፍለ ጊዜዎች ለይታ ታከብባለች። በዚህ ሳምንት አምስት ታገኛለች፦ ሰኞ ከሰዓት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሐሙስ ከሰዓት እና ዓርብ ጠዋት። የሐሙሱ ሁለቱ ምርጥ ናቸው፤ ብዙ ሰው በበዓል ማግሥት ፈቃድ ስለሚወጣ ቢሮው ጸጥ ይላል፣ ስልኩም አይበዛም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆጥር ሰው ቁጥሩ ማነሱ ያስደነግጠዋል። ያም ሆኖ በ17 ሰዓት የታቀደ ሳምንት ሲፈጸም፣ በ39 ሰዓት የታቀደው ግን ሰኞ ከምሳ በፊት ይፈርሳል።

4. የሚቀድመውን ይምረጡ

በዝርዝሩ ላይ በመጀመሪያ መፈለግ ያለብዎት በሌላ ሰው እጅ የሚያልፈውን ሥራ ነው። ፊርማ፣ ማህተም፣ ከሦስት አቅራቢዎች የሚሰበሰብ ፕሮፎርማ፣ ከቅርንጫፍ የሚመጣ መረጃ፣ የፋይናንስ ክፍል ማረጋገጫ፤ እነዚህ ሥራዎች ከእርስዎ የሚጠይቁት አሥር ደቂቃ ሆኖ በሌላው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያሉ። ትንሽ ስለሚመስሉ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ይገፋሉ፤ ከዚያም ዋናው ሥራ እነሱን እየጠበቀ ይቆማል። በእኔ እምነት በኢትዮጵያ ቢሮዎች ውስጥ ሥራ የሚጓተትበት ትልቁ ምክንያት ይህ የቅደም ተከተል ስህተት ነው።

በባለሙያችን ሳምንት ጉዳዩ ፍንትው ብሎ ይታያል። የቅርንጫፎቹን ቁጥር ሐሙስ ብትጠይቅ መልሱ የሚደርሳት በቀጣዩ ሳምንት ነው። ስለዚህ ሰኞ ከስብሰባው በፊት፣ ከ2:15 እስከ 2:30 ባለው ጊዜ ለአምስቱም ትጽፋለች፦ “እንደምን አደራችሁ። እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ክንውን በተላከላችሁ ቅጽ ሞልታችሁ እስከ ነገ 6 ሰዓት ብትልኩልኝ፤ የቀሩትን አምስት ቀናት ዓርብ ጠዋት ትጨምራላችሁ።” የጠየቀችው ሙሉውን መረጃ ባለመሆኑ ቅርንጫፎቹ ታኅሣሥ 30ን ሳይጠብቁ መላክ ይችላሉ፤ እሷም ሐሙስ ጠዋት ጸጥታው ሳለ የምትሠራበት ቁጥር በእጇ ይሆናል። የአታሚ ቀለም ግዥ ጥያቄውንም እንዲሁ ሰኞ ጠዋት ታስፈርማለች፤ ፕሮፎርማ ሰብሳቢው ከበዓሉ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ያገኛል።

የሚጠብቁት ሥራዎች ከተላኩ በኋላ የቀሩትን በሁለት ጥያቄ ይመዝኑ፤ አንደኛው አስቸኳይ ነው ወይ፣ ሁለተኛው አስፈላጊ ነው ወይ የሚል ነው። ይህ አከፋፈል የሚጠቀሰው ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ጋር ነው፤ አይዘንሃወር በ1954 እ.ኤ.አ. ኢቫንስተን ላይ በተካሄደው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ባሰሙት ንግግር የአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ፕሬዚዳንትን ቃል ጠቅሰው አስቸኳይ የሆነው አስፈላጊ እንዳልሆነ፣ አስፈላጊውም አስቸኳይ እንደማይሆን ተናግረዋል። አባባሉ ጫፍ የነካ ነው፤ የግማሽ ዓመት ሪፖርት ሁለቱንም ነው። ቢሆንም በደብዳቤ ራስጌ ላይ “አስቸኳይ” የሚል ቃል በብዛት በሚጻፍበት ቢሮ ውስጥ ጥያቄው በጣም ያስፈልጋል። አንድ ሥራ እስከ ሌላ ሳምንት ቢቆይ ማን ይጎዳል፣ የማን ሥራ ይቆማል ብለው ይጠይቁ፤ መልስ ካጡለት ከዚህ ሳምንት ያውጡት።

ከዚያ ከቀሩት ውስጥ ዋና የሚባሉ ሦስት ሥራዎች ብቻ ይምረጡ። ባለሙያችን የመረጠችው የግማሽ ዓመቱን ማነጻጸሪያና ማብራሪያ፣ የገንዘብ ሰጪውን ሪፖርት ረቂቅ፣ እንዲሁም የየካቲቱን ሥልጠና መርሐ ግብር ነው። ሦስተኛውን ስታየው የሚጎዳው ሰው ስለሌለ ወደ ጥር አጋማሽ ገፋችው። ሁለት ዋና ሥራ ለበዓል ሳምንት ይበቃል።

5. ሥራውን በሰዓቱ ላይ ያስቀምጡ

አሁን ከባዱን ሥራ ወደ ተከበበው ክፍለ ጊዜ ያስገቡ። በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይኑር። ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ሰዎች አንድን ሥራ ሳይጨርሱ ወደ ሌላ ሲሻገሩ ሐሳባቸው በከፊል በመጀመሪያው ላይ እንደሚቀርና በሁለተኛው ሥራ ላይ የሚያሳዩት ውጤት እንደሚቀንስ አሳይታለች። ስለዚህ ሁለቱን ሪፖርቶች በአንድ ጠዋት እያፈራረቁ መሥራት ሁለቱንም ያበላሻል። ባለሙያችን ሐሙስን በሙሉ ለግማሽ ዓመቱ፣ ሰኞ ከሰዓትንና ማክሰኞ ጠዋትን ለገንዘብ ሰጪው ሰጠች፤ የገንዘብ ሰጪው ሩብ ዓመት ታኅሣሥ 22 ስለተዘጋ መረጃው አስቀድሞ ተሟልቷል። ዓርብ ጠዋትን ባዶ ተወችው።

ባዶ መተዉ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳስረዱት ሰው አንድ ሥራ የሚወስድበትን ጊዜ ሲገምት፣ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሥራ ስንት ጊዜ እንደወሰደበት ቢያውቅም እንኳ፣ አሳንሶ ይገምታል። መፍትሔው ያለፈውን መመልከት ነው፤ ያለፈው ሩብ ዓመት ማብራሪያ ስድስት ሰዓት ከወሰደ አሁን በአራት ያልቃል ብለው አይያዙ። የቀድሞው ካልተመዘገበ ግምትዎ ላይ ግማሹን ይጨምሩ።

ትንንሾቹን ሥራዎች በቡድን ያድርጓቸው። መደወል ያለባቸውን ሁሉ በአንድ ግማሽ ሰዓት፣ የሚፈረሙትን ሁሉ በአንድ ዙር ይጨርሱ። የማክሰኞ ከሰዓት የዋዜማ ሰዓት ፋይል ለማስተካከልና የቆዩ ኢሜይሎችን ለመመለስ ይመቻል።

6. የመደቡትን ሰዓት ያስከብሩ

የስልክዎን የቴሌግራም ማሳወቂያ በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ያጥፉ፤ ከተቻለም ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። ለባልደረቦችዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሳይነገረው የተመለሰ ሰው ይቀየማል፣ የተነገረው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። በመካከል ለሚመጣ ሰው በሩን መዝጋት በእኛ ባህል ያስነውራል፤ ቆም ብሎ ሰላም ብሎ “እስከ 5 ሰዓት ይህን ልጨርስና እኔው ራሴ ወደ እርስዎ ልምጣ፣ ይደርሳል?” ማለት ግን ማንንም አያስከፋም። ቃል የገቡበት ሰዓት ላይ መሄድ ግዴታዎ ነው፤ አንድ ጊዜ ከቀሩ ሁለተኛ አያምንዎትም።

ከኃላፊ ለሚመጣ አዲስ ሥራ ዝርዝሩን ይዘው ይቅረቡ። “እሺ” ብሎ ተሸክሞ መውጣትም፣ “አይሆንም” ማለትም አያዋጣም። “ለዚህ ሳምንት እነዚህን ሁለት ይዣለሁ፤ ይህኛው ይቅደም ካሉ ከሁለቱ የትኛውን ወደ ሰኞ ላሳልፈው?” ብለው ሲጠይቁ ውሳኔው የኃላፊው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም አዲሱ ሥራ ያን ያህል አስቸኳይ እንዳልሆነ የሚናገረው ራሱ ነው።

7. ዕቅዱ ሲፋለስ

ድንገተኛ ስብሰባ ይጠራል፤ መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ይቋረጣል። ለመብራቱ ዘዴው ቀላል ነው፤ አጀንዳው ጀርባ ላይ ያለ ኮምፒውተር የሚሠሩ ነገሮችን ይጻፉ፦ የታተመ ረቂቅ ማረም፣ የማብራሪያውን አጽመ ሐሳብ በእጅ መጻፍ፣ የፋይል ክፍሉን ማስተካከል፣ በአካል ሄዶ ማስፈረም።

ለጠፋ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፦ የጠፋውን ሁለት ሰዓት ባዶ ወደተተወው ቦታ ያዛውሩት፤ ባዶው ከሞላ አንድ ነገር ከሳምንቱ ያውጡ። ሁሉንም አጠጋግቶ ለማስገባት መሞከር፣ ወይም ሥራውን ወደ ሌሊት መግፋት፣ የሚቀጥለውን ቀን ያበላሻል። ባለሙያችን ማክሰኞ ጠዋት ለአስቸኳይ ስብሰባ ብትጠራ ረቂቁን የምትጨርሰው ዓርብ ጠዋት ነው፤ በበዓሉ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አድራ፣ በማግሥቱ ቤተሰቧን ትታ ላፕቶፕ መክፈት አያስፈልጋትም።

በየቀኑ ከመውጣትዎ በፊት አሥር ደቂቃ ወስደው ያለቀውን ይሰርዙ፣ የነገውን የመጀመሪያ ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ የሚያስፈልገውንም ፋይል አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ።

8. ሳምንቱን ዘግተው ሌላውን ይክፈቱ

ዓርብ ከሰዓት አዲሱን ሳምንት ከማቀድዎ በፊት ያለፈውን ገጽ ይመልከቱ። ከእያንዳንዱ ዋና ሥራ ጎን የገመቱትን ሰዓትና በእርግጥ የወሰደውን ይጻፉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በግምት ፋንታ የራስዎን መዝገብ እያዩ ያቅዳሉ። በቁጥር 3 የቀነሱት ሰዓትም እውነቱን መምሰሉን ያረጋግጡ። ባለጉዳይ የሚበዛበት ክፍል ላይ ከሆኑ ቀን በቀን አንድ ሰዓት ተኩል አይበቃም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይያዙ።

ሦስት ሳምንት በተከታታይ ሳይነካ የተላለፈ ሥራ ካለ ለአራተኛ ጊዜ አይገልብጡት። ያዘዘዎትን ሰው ሄደው ያነጋግሩ፤ አሁንም ይፈለጋል ካለ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት 2:30 ይመድቡለት፣ ለሌላ ሰው የሚገባ ከሆነ ያስተላልፉት፣ ካልተፈለገም በፊቱ ሰርዘው ይምጡ።